የልጅዎን የልደት ምስክር ወረቀት ከቀበሌ ሳይመላለሱ ለማውጣት፦ ዝርዝር መመሪያ

የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ የመዝጋቢው አይደለም። የአባት መታወቂያ «ፀጋዬ» ሲል የጋብቻ ወረቀቱ «ጸጋዬ» ካለ፣ የጤና ጣቢያው ወረቀት ደግሞ እናትየዋን በሰፈር ስሟ ከጠራት፣ መዝጋቢዋ የትኛውን ትጻፍ? ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው፤ ቀበሌ የሚቀረው ትንሹ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በትንሽ ከተማ ለሚኖሩና ሕፃን ልጃቸውን ለሚያስመዘግቡ ወላጆች ነው። የአገልግሎት ክፍያውና የፎቶው ብዛት ከክልል ክልል ስለሚለያይ እሱን ከቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያንብቡ ወይም አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ይቁጠሩ

በወሳኝ ኩነት ምዝገባና ብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚመዘገበው ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ታኅሣሥ 5 የተወለደ ልጅ መጋቢት 5 ላይ 90 ቀን ይሞላዋል።

የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2017 የተወለደ ልጅ ጥቅምት 10 ድረስ ጊዜ ያለው ይመስላል፤ መሃል ላይ 5 የጳጉሜን ቀናት ስላሉ ግን 90ኛው ቀን ጥቅምት 5 ነው። ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 4 ይሆናል። ክረምት ላይ የወለዱ ወላጆች ቀኑ የሚያልፍባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ። መብራት ይጠፋል፣ መዝጋቢዋ ለሥልጠና ትሄዳለች፣ የምስክር ወረቀት ኅትመት ያልቃል። ከክርስትናው ወይም ከአቂቃው በፊት፣ ስሙ እንደተቆረጠ ቢሄዱ ይመረጣል።

90 ቀን ካለፈ ምዝገባው «የዘገየ» ይባላል፤ ዓመት ካለፈ ደግሞ «ጊዜ ገደቡ ያለፈበት» ይሆናል። ሁለቱም ይመዘገባሉ። «ጊዜው አልፏልና አይቻልም» የሚል መልስ ትክክል አይደለም፤ የሚጨምረው ማስረጃው ነው። እሱን ደረጃ 8 ላይ ያገኙታል።

ደረጃ 2፦ የሚሄዱበትን ቀበሌ ይለዩ

ልጁ የሚመዘገበው ወላጆቹ በቋሚነት በሚኖሩበት ቀበሌ ነው። እናቲቱ ለመውለድ እናቷ ዘንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ቢሆን እንኳ የሚመዘገበው እዚያ አይደለም። በወለደችበት ከተማ ያለው ጤና ጣቢያ የልደት ማሳወቂያ ይሰጣታል፤ ያንን ይዛ ወደ መኖሪያ ቀበሌዋ ትመለሳለች። «የትውልድ ቦታ» በሚለው ሳጥን የሚጻፈው ግን የተወለደበት ከተማ ነው፤ ሁለቱን አያምታቱ።

የባልና የሚስት መታወቂያ የተለያየ ቀበሌ ከሆነ፣ አብረው በሚኖሩበት ቀበሌ ያልተመዘገበው ወገን መጀመሪያ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ያምጣ። ይህን ሳይጨርሱ መሄድ ከመጀመሪያው መስኮት ያስመልሳል።

ደረጃ 3፦ ወረቀቶቹን ያሰባስቡ

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

- ከጤና ተቋም የተሰጠ የልደት ማሳወቂያ፣ ዋናው
- የአባትና የእናት የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ዋናውና ኮፒው
- የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ዋናውና ኮፒው
- የፋይዳ ካርድ ወይም ኅትመት (አንዳንድ ቀበሌ ባይጠይቅም ይያዙት፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ያስፈልግዎታል)
- የልጁ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ፣ ቢያንስ 4

ኮፒውን ከአንድ ቀን በፊት ያስነሱ። በትንሽ ከተማ ከቀበሌው ፊት ለፊት ያለው ኮፒ ቤት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል።

የልደት ማሳወቂያውን ከጤና ጣቢያው ሳይወጡ ያንብቡት። የእናት ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የልጁ ፆታ፣ የተወለደበት ቀንና ሰዓት፣ የተቋሙ ማህተም፣ የባለሙያው ፊርማ፤ አምስቱም መኖር አለባቸው። እናቲቱ በምጥ ላይ ሆና የተናገረችው ስም ካርዱ ላይ እንደተሰማ ይጻፋል። በዚያው ቀን ቢታረም የአንዲት ነርስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ያቺ ነርስ ተዛውራለች፣ መዝገቡም ማህደር ክፍል ገብቷል።

ልጁ ቤት ከተወለደ የቀጣናውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በተቻለ ፍጥነት ይጥሩና ማሳወቂያው እንዲጻፍ ያድርጉ። እሷ ሕፃኑን አይታ መጻፏ በኋላ ምስክር ከመፈለግ ያድናል።

ደረጃ 4፦ ስሞቹን ያስታርቁ

ለዚህ ደረጃ አንድ ሙሉ ምሽት ይስጡት። ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይዘርጉና በባዶ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ስም ፊደል በፊደል ይገልብጡ።

*የአማርኛው ፊደል።* ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይሉ» ብለው ያስመዘገቡትን በ«ሀይሉ» ሲፈልጉት «አልተገኘም» ይላል። የሊቃውንቱን አጻጻፍ ለመከተል አይጨነቁ፤ የወላጁ መታወቂያ ላይ ያለውን ይከተሉ። ስህተትም ቢሆን አንድ ዓይነት ስህተት ይሻላል።

*የተቀጠሉ ስሞች።* «ገብረ መድኅን» ተነጥሎ ይጻፋል ወይስ «ገብረመድኅን» ተጋጥሞ? ተነጥሎ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ «መድኅን»ን የአያት ስም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ልጁ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም አለው፤ ሦስት። አራተኛ ከመጣ የሆነ ቦታ አንድ ስም ተሰንጥቋል ማለት ነው። አጋጥሞ ማስጻፉ ይሻላል።

*የእንግሊዝኛው አጻጻፍ።* ምስክር ወረቀቱ በክልሉ የሥራ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ፓስፖርት ላይ የሚያጣላው የእንግሊዝኛው ነው። «ታደሰ» በአንድ «ኤስ» ነው ወይስ በሁለት? «ጸሐይ» በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል ወይስ በ«ቲ» ብቻ? ለመዝጋቢዋ ከተተወ ያን ዕለት እጇ እንደለመደው ትጽፈዋለች። የአባት ፓስፖርት ካለ ከፓስፖርቱ፣ ከሌለ ከፋይዳው ላይ ይገልብጡ። የልጁን ስም ደግሞ ወላጆች ተስማምተው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት በወረቀት ይጻፉት። ቀበሌ ሲሄዱ ያን ወረቀት ይሰጣሉ፤ በቃል አይንገሩ።

*የክርስትና ስምና የቤት ስም።* አይመዘገቡም። አያት የሚጠሩበትን፣ አባት የሚጠራበትን፣ እናት የመረጠችውን ሦስት ስም ደርድሮ «ሁሉንም ጻፉልን» ማለት በኋላ ከትምህርት ቤት ሰነድ ጋር ያጋጫል። አንዱን ቁረጡ።

ልዩነቱ በወላጆቹ ሰነዶች መካከል ከሆነ፣ ለምሳሌ የአባት መታወቂያና የጋብቻ ወረቀቱ ካልተስማሙ፣ መጀመሪያ የሚታረመው የወላጁ ነው። መታወቂያው ስህተት ከሆነ ሲታደስ ያሳርሙት። የልጁን ወረቀት በስህተቱ ላይ አይመሥርቱ።

ደረጃ 5፦ የትውልድ ቀኑን ያስታርቁ

ሁለት ወጥመድ አለ።

የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ሕፃኑ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተወለደ እንበል። ቤተሰቡ «ሰኞ ሌሊት ነው» ይላል፤ ጤና ጣቢያው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ማክሰኞን ሊጽፍ ይችላል። የአንድ ቀን ልዩነቱ ከዚህ ይመጣል። በልደት ማሳወቂያው ላይ ያለውን ቀን ይቀበሉና ቤተሰቡም ልደቱን በዚያ ይልመደው።

ሁለተኛው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ዓመት ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፤ የዓመቱም ልዩነት ታኅሣሥ 22 ላይ ይቀየራል። ኅዳር 10 ቀን 2017 በፈረንጅ ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ነው፤ ኅዳር 10 ቀን 2016 ግን ኖቬምበር 20 ቀን 2023 ነው። 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች ነው። ቀኑ በአንድ የሚገፋበት ቀጣዩ ዓመት 2020 ይሆናል።

ስሌቱን ቤት ውስጥ ሠርተው ሁለቱንም ቀን ከስሞቹ ወረቀት ሥር ይጻፉት። በጣት ቆጥሮ «8 ዓመት ጨምሩበት» የሚል ምክር ሲሰጥዎት አይቀበሉ፤ የመስከረም ልጅ የትውልድ ዓመቱ በአንድ ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ ቀበሌ መሄድ

የመንግሥት ሥራ ሰዓት በአብዛኛው አካባቢ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ ይዘጋል። ቆላማ አካባቢ ሰዓቱ ስለሚለይ ይጠይቁ። ሰኞ ጠዋት በስብሰባ፣ የገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር በሚመጣ ባለጉዳይ ይያዛል። ገበያው ሐሙስ ከሆነ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ይምረጡ፤ 2፡30 በር ላይ ይገኙ።

የሚጠይቁት «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ» የሚለውን ክፍል ነው፤ የሚመዘግበው ሰው በሕጉ አጠራር የክብር መዝገብ ሹም ይባላል። መታወቂያ የሚያድሰው መስኮት ሌላ ነው፤ እዚያ ተራ ይዞ ግማሽ ቀን ማባከን የብዙ ሰው ዕጣ ነው።

ማን ይቅረብ?

- ጋብቻ ካለና የምስክር ወረቀቱ ከተያዘ ከወላጆች አንዳቸው ይበቃሉ። ሁለቱም ቢሄዱ ግን ይሻላል፤ የስም ጥያቄ ሲነሳ ስልክ ከመደወል ያድናል።
- ጋብቻ ከሌለ አባትና እናት አብረው ይቅረቡ። አባት «ልጄ ነው» ብሎ መቀበል፣ እናትም ቃሉን ማጽናት አለባት፤ በቤተሰብ ሕጉ አንዱ ያለ ሌላው አይጸናም።
- አባት በውጭ አገር ካለና ጋብቻ ከሌለ፣ ለወንድሙ የሰጠው አጠቃላይ ውክልና አያገለግልም። ልጁን በስሙ ጠርቶ ለመቀበል መሆኑን በግልጽ የሚናገር ልዩ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ይላክ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅም ስላለበት ጊዜውን አስልተው ይጀምሩ።
- ጋብቻ ሳይኖር አባት ከሌለ ወይም ካልቀረበ እናት ብቻዋን ታስመዘግባለች። የአባቱ ሳጥን ባዶ ይቀራል። «አባቱን ካላመጣሽ አንመዘግብም» ከተባለች ደረጃ 8ን ትመልከት። ሳጥኑን ለመሙላት ተብሎ የአጎት ወይም የወንድ አያት ስም በአባትነት ማስጻፍ ግን ከባድ መዘዝ አለው፤ በውርስና በፓስፖርት ጊዜ አጎቱ አባት ሆኖ ይገኛል።

መንታ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ምዝገባና የተለየ ምስክር ወረቀት አለ። ቀድሞ የተወለደውን ቀድመው ያስመዝግቡ፤ ፎቶዎቹን ጀርባቸው ላይ ስም ጽፈው ይያዙ፤ መንቶቹ ተለዋውጠው እንዳይለጠፉ።

ደረጃ 7፦ ከፊርማና ከማህተም በፊት ያንብቡ

መዝጋቢዋ ቅጹን ከሞላች በኋላ አስመዝጋቢው ይፈርማል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ቅጹ ከአንድ በላይ ቅጂ አለው፤ ቅጂዎቹም ወደ ላይኛው አካል ይላካሉ። ሳይፈርሙ የተገኘ ስህተት አዲስ ቅጽ መሙላት ብቻ ነው። ከፈረሙ በኋላ ግን ስህተቱ ወደ ክልል ሄዷል።

ወረፋው ከኋላዎ ቢያጉረመርምም «እህቴ፣ ማህተም ሳይመታ አንዴ ላንብበው» ይበሉ። ቤት የጻፉትን ወረቀት አውጥተው በዚህ ቅደም ተከተል ያመሳክሩ፦

1. የልጁ ስም፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ፊደል በፊደል
2. ፆታ (በሁለቱም ቋንቋ አንድ መሆኑን ይዩ፤ በአማርኛው ሴት፣ በእንግሊዝኛው ወንድ ሆኖ የወጣ ወረቀት ያጋጥማል)
3. የትውልድ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር
4. የትውልድ ቦታ
5. የእናት ሙሉ ስም፣ ከዚያ የአባት
6. የወላጆች ዜግነት
7. የምዝገባ ቁጥሩ በመዝገቡና በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ መሆኑን

በእጅ የተጻፈ ከሆነ ስርዝ ድልዝ ያለበትን አይቀበሉ። አንድ ፊደል ላይ ደግሞ የተጻፈ ቀለም ካለ፣ በኋላ ፓስፖርት ክፍል «ተነካክቷል» ብሎ ይመልሰዋል። በአዲስ ወረቀት እንዲጻፍ በትሕትና ይጠይቁ።

ማህተሙ ፎቶውን ከወረቀቱ ጋር አያይዞ የመታ፣ ዙሪያው የሚነበብ መሆን አለበት። የመዝጋቢዋ ስምና ፊርማም ይኑር። ክፍያ ከፍለው ከሆነ የገቢ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ያለ ደረሰኝ የሚጠየቅ ገንዘብ የመንግሥት ክፍያ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ሲበላሽ

«ሲስተም የለም» ወይም «መብራት የለም» ከተባሉ። ሰነዶችዎ ተሟልተው እንደሆነ መዝጋቢዋ ያን ዕለት እንድታይልዎ ይጠይቁ። የጎደለ ካለ ሲስተሙ እስኪመለስ ያሟሉታል። 90ኛው ቀን የቀረበ ከሆነ የመጡበት ቀን በጽሑፍ እንዲያዝ ያድርጉ።

የልደት ማሳወቂያው ከጠፋ። ወደ ወለዱበት ተቋም ይመለሱና ማህደር ክፍልን ይጠይቁ። የእናትየዋ የካርድ ቁጥር ካለ ፍለጋው ይፈጥናል፤ ቁጥሩ በክትባት ካርዱ ላይ ሊገኝ ይችላል። ካርዱም ከሌለ የወለዱበትን ወርና ቀን ይናገሩ፤ የወሊድ መዝገቡ የሚያዘው በቀን ነው።

ጊዜው ካለፈ። ዕድሜውን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይሰብስቡ፦ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሰነድ። የቀበሌው ነዋሪ የሆኑ፣ መታወቂያ የያዙ ምስክሮችም ይቅረቡ። ምስክሮቹ ልጁ መቼ እንደተወለደ ከየራሳቸው ትዝታ ይናገሩ፤ አንዱ «የጥምቀት ሰሞን» ሌላው «ዐቢይ ጾም ሲገባ» ካሉ መዝጋቢዋ ትጠራጠራለች፣ መጠራጠሯም ልክ ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለዕድሜ ገደብ ሲባል ቀኑን ማንሸራተት ግን አይሞክሩ፤ የክትባት ካርዱ ያጋልጣል።

ስህተቱ ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ከታየ። በዚያው ሳምንት ይመለሱ። የመዝገቡ ቅጽ ትክክል ሆኖ ምስክር ወረቀቱ ላይ ብቻ የተሳሳተ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ ይቀየራል። መዝገቡ ራሱ ከተሳሳተ የማረሚያ ማመልከቻ ከማስረጃ ጋር ያስገባሉ። ስም ጨርሶ መቀየር፣ የአባትነት ለውጥና የትውልድ ዓመት ለውጥ ሲሆን በአብዛኛው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል። በራስዎ እስክሪብቶ ጭረት እንኳ አይጨምሩ፤ ትክክለኛው ሰነድ ሐሰተኛ ይሆናል።

አልመዘግብም ከተባሉ። ጠብ አያንሱ። «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» ይበሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ በሩን ይከፍታል። ካልከፈተ ወደ ቀበሌው ሥራ አስኪያጅ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ወይም ወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ክልሉ ይቀጥሉ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦ ስም፣ ቀን፣ ምን ጠየቁ፣ ማን ምን መለሰ። ሁለት ቅጂ ይዘው በአንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱበትና ለራስዎ ያስቀሩት። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱን ማስቀመጥ

ላሚኔት አያስደርጉ። ወረቀቱ ውጭ አገር የሚቀርብ ከሆነ የሚያረጋግጡት መሥሪያ ቤቶች ማህተም የሚመቱት በራሱ በወረቀቱ ላይ ነው፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ላይ ማህተም አይይዝም። በፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ሳያጥፉ ያስገቡት።

በስልክዎ ፎቶ ያንሱትና የምዝገባ ቁጥሩን ለብቻው ይጻፉ። ወረቀቱ ቢጠፋ ምትክ የሚወጣው በዚያ ቁጥር መዝገቡ ተፈልጎ ነው፤ ከቁጥሩ ጋር የሄደ ሰው በቀላሉ ሲስተናገድ፣ ያለ ቁጥር የሄደው የዓመቱ መዝገብ እስኪገላበጥ ይጠብቃል። ምትክ ሲጠይቁ የፖሊስ ማስረጃ ሊጠየቁ ስለሚችሉ እሱን ቀድመው ይያዙ።

ለትምህርት ቤት ኮፒ ይስጡ፤ ዋናውን አሳይተው መልሰው ይቀበሉ። «ፋይል ውስጥ ይቀመጥ» ብለው ዋናውን ትተው የመጡ ወላጆች ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ለማስመለስ ደጅ ሲጠኑ ይከርማሉ።